ጃንጎ ራይንሃርትና የማይነር ድምፆች ጌጥ

(በሬዲዮ ከተሰጠ የሙዚቃ ታሪክ ንግግር የተወሰደ)



የጃዝ ሙዚቃ ተጫዋች ከፊቱ ምንም የተጻፈ ነገር ሳያስቀምጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከመሣሪያው ላይ አዲስ ዜማ ሲያፈልቅ ስናይ፣ ያ ሰው በልቡ የመጣለትን ሁሉ እንደ ወረደ የሚያወጣ ይመስለናል። ነገር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአገራችን ባለቅኔው በጉባኤ መካከል ተነሥቶ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ቅኔ በቅጽበት ይዘርፋል፤ ሆኖም ጉባኤ ቃና የሆነ እንደሆነ ሁለት ቤት መምታት አለበት፤ ከዚህ ልኩ ቢወጣ ያጐደለውን የሚያርመው መምህር አጠገቡ ተቀምጧል። የጃዝ ተጫዋችም ቤት አለው። ቤቱ ኅብረ ድምፅ፣ ማለት ኮርድ የሚባለው፣ ሦስት ወይም አራት ድምፆች በአንድነት ሲሰሙ የሚያስገኙት ስምምነት ነው። ዜመኛው ከኅብረ ድምፁ ተነሥቶ ወደ ኅብረ ድምፁ ይመለሳል፤ በመነሻውና በመመለሻው መካከል የሚያደርገው ግን የእርሱ ጥበብ ነው።

በዛሬው ንግግራችን ከዚህ ሰፊ ጥበብ አንዲት ጠባብ ክፍል ብቻ እናነሣለን። ይህችውም በማይነር ኅብረ ድምፅ ውስጥ ያሉት ድምፆች በቅጽበታዊ ጨዋታ ጊዜ እንዴት እንደሚያጌጡ ነው። ለምሳሌነትም የመረጥነው በፈረንሳይ አገር የኖረውን የማኑሽ ተወላጅ የጊታር ተጫዋች ጃንጎ ራይንሃርትን ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ማይነር ምን እንደሆነ ለመረዳት ከቤታችን ርቀን መሄድ አያሻንም። የትዝታ ቅኝት ሁለት መልክ እንዳለው ሙዚቀኞቻችን ያውቃሉ። በአንደኛው ሦስተኛው ድምፅ ከፍ ያለ ሲሆን በሁለተኛው ያው ድምፅ በግማሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ስድስተኛውም እንደዚሁ። ይህ ሁለተኛው መልክ ትዝታ ማይነር ይባላል። የሚለወጠው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ የአንድ ጣት እርምጃ ያህል ብቻ፤ በሰሚው ልብ ላይ ግን ሌላ የአየር ጠባይ ያመጣል። ኅብረ ድምፅም እንዲሁ ነው። ላ፣ ዶ እና ሚ በአንድነት ሲመቱ የላ ማይነር ኅብረ ድምፅ ይሆናሉ። ዶ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብትል ኅብሩ ሜጀር ይሆናል፤ ሐዘኑም ይቀራል። እንግዲህ የማይነር ሁሉ ምሥጢር ያለችው በመካከለኛይቱ ድምፅ ላይ ስለ ሆነ፣ ጌጠኛውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያንዣብበው በእርስዋ ዙሪያ ነው።

ጃንጎ በ1910 ዓ.ም. በጃንዩወሪ 23 ቀን በቤልጅግ አገር ሊበርሺ በምትባል መንደር፣ ቤተሰቦቹ በሚጓዙበት ሠረገላ ውስጥ ተወለደ። ያደገው ግን በፓሪስ ከተማ ዳርቻ፣ የድሮው ምሽግ ፈርሶ ባዶ በቀረው ሜዳ ላይ፣ ድኾችና ተንከራታቾች በሰፈሩበት ቦታ ነው። ትምህርት ቤት አልገባም፤ የሙዚቃ ጽሑፍም ማንበብ ሳይችል ኖሮ ሞተ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ባንጆ የሚመስል ባለ ስድስት አውታር መሣሪያ አገኘ፤ ወዲያውም በፓሪስ የጭፈራ ቤቶች ውስጥ የአኮርዲዮን ተጫዋቾችን ማጀብ ጀመረ። በእነዚያ ቤቶች ይዘወተር የነበረው ቫልስ ሙዜት የሚባለው ባለ ሦስት ምት ጭፈራ ብዙውን ጊዜ በማይነር የተሠራ ነበር። አኮርዲዮኒስቱም አንዱን ረዥም ድምፅ ዝም ብሎ አይዘውም ነበር፤ ወደ ጎረቤቱ ድምፅ ብልጭ አድርጎ ወስዶ ይመልሰዋል። ይህን አድማጮቻችን በልባቸው ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1928 ዓ.ም. ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳለ፣ ጃክ ሂልተን የሚባለው ስመ ጥሩ የእንግሊዝ ኦርኬስትራ መሪ ዝናውን ሰምቶ ሥራ እንዲገባለት ጠይቆት ነበር። ሚስቱ ለገበያ የምትሠራቸው የሴሉሎይድ አበቦች ሠረገላውን ሞልተውት ነበርና በዚያው ዓመት በመከር ወራት አንድ ሌሊት ሻማው በአበቦቹ ላይ ወደቀ። ሴሉሎይድ እንደ ባሩድ የሚነድ ነገር ነው። ባልና ሚስቱ በሕይወት ወጡ፤ ነገር ግን የጃንጎ ቀኝ እግርና ግራ እጁ ክፉኛ ተቃጠሉ። ሐኪሞች እግሩን ሊቈርጡት አስበው ነበር፤ እርሱ እንቢ አለ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ከታመመ በኋላ ሲነሣ የግራ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ተጨብጠው ቀርተው ነበር። ወንድሙ ዮሴፍ ባመጣለት ጊታር ላይ በሁለት ጤነኛ ጣቶች፣ ማለት በሌባ ጣቱና በመካከለኛ ጣቱ፣ ዜማ መምታትን እንደገና ተማረ። ሁለቱ የታመሙት ጣቶች ኅብረ ድምፅ ሲይዝ ብቻ በታችኞቹ ቀጫጭን አውታሮች ላይ ጥቂት ያግዙት ነበር።

ስለ ጃንጎ የሚጻፈው ሁሉ በዚህ ቃጠሎ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም በዚሁ ያበቃል። «ሁለት ጣት ብቻ ስለ ነበረው እንዲህ ያለ አዲስ አጨዋወት ፈጠረ» ይባላል። ይህ አነጋገር ለሰሚው ያስደስታል፤ ጉዳት የጥበብ እናት ሆነ እንድንል ያደርገናልና። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ስለ አጨዋወቱ ፍጥነትና ስለ እጁ አሄድ የተነገረ እንደሆነ እውነትነት አለው። ሁለት ጣት ያለው ሰው በአንድ ሥፍራ ተቀምጦ ከአውታር ወደ አውታር መሻገር ስለሚቸግረው፣ በጊታሩ አንገት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች መሮጥ ይገደዳል። ስለ ጌጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጌጡን ከአደጋው በፊት በሙዜት ቤቶች ለስድስት ዓመታት ያህል ሲሰማና ሲያጅብ ኖሯል። ደግሞም አራቱም ጣቶቻቸው ጤነኞች የሆኑት የማኑሽ ጊታር ተጫዋቾች ሁሉ፣ ከዚያን ጊዜ እስከ ዛሬ፣ ይህንኑ ጌጥ ይጫወታሉ። በውርስና በድካም የተገኘውን ሀብት ለእሳት አደጋ መስጠት ሰውየውንም ወገኖቹንም መበደል ነው።

በ1931 ዓ.ም. ጃንጎ በደቡብ ፈረንሳይ በቱሎን ከተማ ሳለ፣ ኤሚል ሳቪትሪ የሚባል ሠዓሊ ከአሜሪካ የመጡ ሸክላዎችን አሰማው። ከእነርሱም መካከል የሉዊ አርምስትሮንግና የዱክ ኤሊንግተን ሸክላዎች ነበሩባቸው። ከዚያ ወዲያ የሙዜቱን ጌጥና የአሜሪካኑን ጃዝ ያገናኘው ይህ መስማት ነው። በ1934 ዓ.ም. በፓሪስ ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር ሆኖ የሆት ክለብ ደ ፍራንስ ኲንቴት የተባለውን ጓድ አቋቋመ። ጓዱ ሦስት ጊታር፣ አንድ ቫዮሊንና አንድ ኮንትራባስ ብቻ ነበረው። ከበሮ የለ፣ መለከት የለ። የከበሮውን ሥራ ሁለቱ አጃቢ ጊታሮች አውታሩን እየመቱ ወዲያውም እያፈኑ ይሠሩት ነበር፤ ይህን አመታት ፈረንሳዮች «ላ ፖምፕ» ይሉታል።

ይህ ጓድ በ1937 ዓ.ም. በኖቬምበር 25 ቀን «ማይነር ስዊንግ» የሚባለውን ሸክላ ቀረጸ። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ሥራው የጃንጎና የግራፔሊ ድርሰት ሆኖ በላ ማይነር የተሠራ ነው፤ ዋነኞቹ ኅብረ ድምፆችም ሦስት ብቻ ናቸው፤ ላ ማይነር፣ ሬ ማይነር፣ ሚ ሰባተኛ። መግቢያ ከሆነችው አጭር የምልልስ ዜማ በቀር የቀረው ሁሉ በቅጽበት የተፈጠረ ነው። እንግዲህ ተጫዋቹ የሚጠጋበት የታወቀ ዜማ በሌለበት፣ ኅብረ ድምፁም ገና ለጋ ተማሪ ሊይዘው የሚችል ቀላል ሲሆን፣ ሰውን ለብዙ ዓመታት የማረከው ምንድን ነው? መልሱ ያለው በጌጡ ውስጥ ነው።

አሠራሩን ቀስ ብለን እንመልከተው። ላ፣ ዶ፣ ሚ የተባሉትን ሦስቱን ድምፆች እንደ ሦስት ምሰሶዎች እንቍጠራቸው። አንደኛው የጌጥ ዓይነት በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይ በግማሽ ድምፅ ከታች መጥቶ መውጣት ነው። ወደ ላ ለመድረስ ከሶል ዲዬዝ፣ ማለት በግማሽ ከፍ ካለችው ሶል፣ ወደ ዶ ለመድረስ ከሲ፣ ወደ ሚ ለመድረስ ከሬ ዲዬዝ ይነሣል። ጊታር ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው፤ አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች የሚለያዩት በግማሽ ድምፅ ስለ ሆነ፣ አንዱን ጣት ሳያነሡ ወደ ሚቀጥለው ቦታ ማንሸራተት ይቻላል። ሁለተኛው ዓይነት ምሰሶውን ከላይና ከታች ከብቦ መያዝ ነው። ይኸውም ላን ሳይነኩ በመጀመሪያ ሲን፣ ቀጥሎ ሶል ዲዬዝን መትቶ፣ በመጨረሻ ላ ላይ ማረፍ፤ ዶንም በሬና በሲ፣ ሚንም በፋና በሬ ዲዬዝ እንዲሁ መክበብ ነው። ሦስተኛው ከሙዜቱ የመጣው ነው፤ ድምፁን መትቶ፣ ወደ ጎረቤቱ በጣም ፈጥኖ ሄዶ መመለስና ወደ ሌላው ምሰሶ መሻገር፤ ሦስት ድምፆች በአንድ ትንፋሽ እንደ ማለት ነው።

አሁን እነዚህን ጎረቤት ድምፆች ሰብስበን እንያቸው። ሶል ዲዬዝ፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ። እነዚህ እንዲሁ በአጋጣሚ የተሰበሰቡ አይደሉም። ሶል ዲዬዝ፣ ሲ እና ሬ የሚ ሰባተኛ ኅብረ ድምፅ አካላት ናቸው፤ ፋም በዚያው ኅብር ላይ ስትታከል ማይነርነቱን የምታጠብቅ ድምፅ ናት። ሚ ሰባተኛ ደግሞ ወደ ላ ማይነር ለመመለስ የሚናፍቅ፣ ብቻውን ሊቆም የማይወድ ኅብረ ድምፅ ነው። ስለዚህ ጃንጎ በላ ማይነር ላይ ቆሞ አንዲቱን ላ ወይም ዶ ሲከብብ፣ በዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ከቤት ወጥቶ ሚ ሰባተኛን ጎብኝቶ መመለሱ ነው። አጃቢዎቹ ንቅንቅ አላሉም፤ እርሱ ግን ሄዶ መጣ። ሬ ዲዬዝ ብቻ ከሁለቱም ቤቶች ውጪ ያለች እንግዳ ናት፤ ስለዚህም በሚ ላይ የሚደረገው ጌጥ ከሁሉ ይልቅ እንደ ቅመም ይለበልባል። ሰው ይህን ሲሰማ «ጌጡ አማረ» ይላል፤ በውስጡ ግን የሰማው መሄድንና መመለስን ነው። ጌጥ በልብስ ላይ እንደሚሰፋ ጥልፍ ከላይ የተለጠፈ ነገር ነው የሚሉት ሰዎች ይህን ያላስተዋሉ ይመስሉናል።

ጊዜውም ቢሆን ልክ አለው። ጎረቤቲቱ ድምፅ በደካማው ምት ላይ ወድቃ ዋናይቱ በጠንካራው ምት ላይ ስታርፍ፣ ሰሚው መሬት እንደ ረገጠ ሰው ይረጋል። ጎረቤቲቱ ራስዋ በጠንካራው ምት ላይ ብትወድቅና ዋናይቱ ብትዘገይ ደግሞ፣ ያች ቅጽበት ትጨንቃለች። ጃንጎ ሁለቱንም ያውቅባቸው ነበር። ዛሬ ከሸክላው እያጠኑ ድምፆቹን ሁሉ ሳያጓድሉ የሚመቱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ቢሆንም ምቱን በመጠኑ ስለሚስቱት ጌጡ እንደ ጥርስ መፋጨት ይሆንባቸዋል።

ስለ መሣሪያውም ማንሣት ይገባል። በዚያን ጊዜ ጃንጎ ይጫወትበት የነበረው ሰልሜር የሚባለው የፈረንሳይ ጊታር፣ በመጀመሪያ ማሪዮ ማካፌሪ በ1932 ዓ.ም. የነደፈው፣ የኤሌክትሪክ ማጉያ የሌለው ነው። ድምፁ ስለታምና ርቆ የሚሰማ ነው፤ ነገር ግን ፈጥኖ ይጠፋል። የእኛ ክራር ግርፍ እንዲሁ አይደለችምን? አውታሩን መትተው ቢተዉት ድምፁ ወዲያው ይሞታል። ማሲንቆ ተጫዋች ወይም ቫዮሊን ተጫዋች ቀስቱን እየሳበ አንዲቱን ድምፅ የፈለገውን ያህል ያቆያታል፤ ጊታረኛ ግን ድምፁ እንዳይሞትበት በዙሪያው ሌላ ድምፅ መንካት አለበት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት የአውሮፓ ክላቭሳን ተጫዋቾችም በዚሁ ችግር ብዙ የጌጥ ምልክት አበጅተው ነበር፤ የታላቁ ባኅ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል በ1753 ዓ.ም. ባሳተመው የክላቪዬር ትምህርት መጽሐፍ ስለ ጌጥ ሰፊ ምዕራፍ ጽፏል። በእኛም ቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክቶች መካከል ርክርክ የሚባለው አለ፤ ዜመኛው ድምፁን እያርገበገበ እንዲያወርድ የሚያዝ ነው። በእነዚህ መካከል ዝምድና አለ ለማለት አይደለም። ድምፅን ዝም ብሎ ከመተው ይልቅ መንከባከብ በየአገሩ የታሰበ ነገር መሆኑን ለማመልከት ብቻ ነው።

ስለ ባኅ ካነሣን ዘንድ፣ አንድ ሌላ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። «ማይነር ስዊንግ» በተቀረጸበት በዚያው በኖቬምበር ወር 1937 ዓ.ም.፣ ጃንጎና ግራፔሊ ኤዲ ሳውዝ ከሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ የቫዮሊን ሊቅ ጋር ሆነው፣ ባኅ ለሁለት ቫዮሊኖች የደረሰውን የሬ ማይነር ኮንሰርቶ የመጀመሪያውን ክፍል በጃዝ አጨዋወት ቀርጸዋል። ሁለቱ ቫዮሊኖች ዜማውን ሲቀባበሉ ጃንጎ ብቻውን በጊታር ያጅባቸዋል። ማንበብ የማይችለው ማኑሽ ከባኅ አጠገብ ሲቆም አንዳች እንግድነት አይሰማበትም። ሁለቱም የማይነርን ምሰሶዎች በተመሳሳይ ጎረቤቶች ይከብቧቸው ነበርና።

ከምሰሶዎቹ ላይ ጃንጎ አራተኛ መጨመር ይወድ ነበር። በላ ማይነር ላይ ፋ ዲዬዝን፣ ማለት ስድስተኛይቱን ድምፅ፣ ያክላል። ይህች ድምፅ ማይነሩን ከለቅሶ ትከለክለዋለች። ሐዘኑ አለ፤ ነገር ግን ራሱን ቀና አድርጎ የሚሄድ ሐዘን ነው። የማኑሽ ጊታር ትምህርት ዛሬም ለጀማሪው በመጀመሪያ የሚያስይዘው ይህን ባለ ስድስተኛ ማይነር ነው፤ የሚያስተምረውም አብዛኛውን ጊዜ አባት ወይም አጎት ነው፤ ጽሑፍ የለውም፤ ልጁ እጁን እያየ በጆሮው ይቀበላል።

በ1939 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ጦርነት ሲነሣ ጓዱ በለንደን ነበር። ግራፔሊ እዚያው ቀረ፤ ጃንጎ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። የናዚ መንግሥት የጃንጎን ወገኖች እንደ አይሁድ ሁሉ ለጥፋት የፈረደባቸው ነበር፤ በአውሮፓ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ተገድለዋል። በፈረንሳይ አገር ራሱ ብዙ ቤተሰቦች ሞንትረይ ቤሌን በመሰሉ የእስር ሠፈሮች ታጐሩ፤ የመጨረሻዎቹ እስረኞች የተለቀቁት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1946 ዓ.ም. ነው። ጃዝም የተጠላ ሙዚቃ ነበር። ሆኖም በተያዘችው ፓሪስ ሕዝቡ ከዚያን ጊዜ ይልቅ ጃዝ የወደደበት ዘመን አልነበረም፤ የአሜሪካ ዘፈኖች የፈረንሳይ ስም እየተሰጣቸው ይቀርቡ ነበር። ጃንጎ በ1940 ዓ.ም. «ኑአዥ»፣ ማለት «ደመናት» የሚለውን ድርሰቱን ቀረጸ፤ በፈረንሳይ ሕዝብ ዘንድም እጅግ ተወደደ። እንግዲህ ይህን አስቡት፤ ሙዚቃው በየአዳራሹ የሚጨበጨብለት ሰው፣ ወገኖቹ በመሆናቸው ብቻ በሽቦ ውስጥ ይታጐራሉ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ስዊስ ለመሸሽ ሁለት ጊዜ ሞከረ። በመጀመሪያው ጀርመኖች ይዘውት፣ ጃዝ የሚወድ አንድ መኰንን ለቀቀው፤ በሁለተኛው የስዊስ ዘበኞች መለሱት። ሸክላ የሚወድ መኰንን ያላጋጠማቸው ሌሎቹ ማኑሾች ዕድላቸው ምን እንደ ነበረ መናገር አያሻም።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ዓ.ም. በአሜሪካ ከዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ ጋር ዞረ፤ በኒውዮርክ በካርኔጊ አዳራሽም ተጫወተ። በዚያን ጊዜ ቻርሊ ፓርከርና ጓደኞቹ ቢቦፕ የሚባለውን አዲስ ጃዝ አምጥተው ነበር። እነርሱም የኅብረ ድምፁን ምሰሶዎች ከላይና ከታች መክበብን እጅግ ያዘወትሩ ስለ ነበር፣ ጃንጎ ያንን ቋንቋ ሲሰማ ሁሉም ነገር አዲስ አልሆነበትም ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውቷል። በኤሌክትሪክ አንዲት ድምፅ ተመትታ ብዙ ጊዜ ትቆያለች፤ ድምፁ እንዳይሞት ማስጌጥ የግድ አልነበረም። ከ1951 ዓ.ም. በኋላ የቀረጻቸውን ሸክላዎች ያደመጠ ሰው ድምፆቹን በሰፊው ለቀቅ ለቀቅ አድርጎ ሲያስቀምጣቸው ይሰማል፤ ነገር ግን ማይነር ኅብር በመጣ ጊዜ እጁ ያችን የግማሽ ድምፅ መንገድ ሲፈልጋት እንዲሁ ይሰማል። ልማድ ሆኖበት ነው ቢሉ አንከራከርም፤ ለእኛ ግን ወዶ ያደረገው ይመስለናል።

የመጨረሻ ሸክላውን በ1953 ዓ.ም. በኤፕሪል 8 ቀን ቀረጸ። በሜይ 16 ቀን፣ በሴን ወንዝ ዳር በምትገኘው በሳምዋ መንደር፣ ደም በአንጎሉ ውስጥ ፈስሶ ዐረፈ፤ ዕድሜው አርባ ሦስት ዓመት ነበረ። ሚስቱ ናጊን ይጫወትበት ከነበሩት ጊታሮች አንዱን፣ ቍጥሩ 503 የሆነውን ሰልሜር፣ በ1964 ዓ.ም. ለፓሪስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየም ሰጠች፤ ዛሬም እዚያ ይገኛል።